የተራ ቁጥር ሰባት ድረ ገጽ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በራሴ ፈቃድ እንዳልነበረ በቅድሚያ ይመዝገብልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ የሚገባበት ነገር ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ተመርቶለት የሚመጣ ነው። እኔም በጎንደር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በረዳት ጸሐፊነት ጀምሬ የመዝገብና ማህደር ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን የደረስሁ፣ በዚያም ዘመን ሁሉ አንዲት ወረቀት ጠፍታብኝ የማታውቅ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ለመኩራራት ቢሆን ኖሮ ሌሎች የጠፋባቸውን ማህደር እኔ ከየት ከየት እንዳገኘሁ እዘረዝር ነበር፤ እሱን ግን ሳልጠየቅ አላወራም።

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ባለቤቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የምትኖረውን እኅቷን ልትጠይቅ ፈለገች። ጉዞው ለሁለት ሳምንት ነበር። መተማን ከተሻገርን እነሆ ሰባተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ሁለቱ ሳምንት ለምን እንደረዘመ የሚያስረዳ ማህደር በእጄ የለም፤ መጀመሪያ እኅትየዋ ታመመች፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፣ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ጉልበቴ ተዘጋ።

በሰፈራችን ሐጅ ሰኢድ የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ አሉ። አባታቸው ከጎንደር የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ገዳሪፍ ያረጁ ሰው ናቸው። እዚህ ያለን የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆኑ የማኅበሩ ማህተም የሚኖረው በጀላቢያቸው ኪስ ነው። ከመጋዘናቸው ጎን ያለውን ግቢ ለልጆቻችን ትምህርት ለቀውልናል። በግቢው ውስጥ አንዲት ዳስ አለች፤ ያገሩ ሰው ራኩባ ይላታል፤ አራት ቋሚ እንጨትና የሣር ክዳን ናት። በዚያች ዳስ ሥር መምህርት ትርንጎ አማርኛና ሒሳብ ታስተምራለች።

ዳሷ በበጋ እጅግ ደግ ናት። አመሏ የሚለወጠው በሰኔ ነው። እዚህ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር የረገጠውን እግር ከነጫማው የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል፤ የዳሷ ሣርም ከላይ የተቀበለውን ውኃ ምንም ሳያጎድል ወደ ታች ያስተላልፋል። (እንዲህ ያለ ታማኝ አስተላላፊ በመሥሪያ ቤቴ አንድም ቀን አልገጠመኝም።) ስለዚህ በየዓመቱ ትምህርቱ ይዘጋል፤ ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ በአረብኛ ሲጫወቱ ይከርማሉ፤ ትርንጎም ከርሞ ሲከፈት ከ«ሀ» ትጀምራለች። አራት ዓመት ሙሉ ከ«ሀ» ጀምራለች።

በግንቦት መጀመሪያ ባደረግነው ስብሰባ ላይ ትርንጎ ብድግ አለች።

«ዘንድሮ ቆርቆሮ ካልተመታ እኔን አትጠብቁኝ» አለች። «ኡም ራኩባ ካምፕ ያሉት አስተማሪ አጥተው ነይ ነይ ይሉኛል። እዚያ ድንኳንም ቢሆን ክዳን አለው።»

«ኧረ ትርንጎ፣ አላህን ፍሪ! ጥለሽን ልትሄጂ?» አሉ ሐጅ ሰኢድ።

«እኔ መች ጣልኋችሁ ሐጅ? እኔን ነው እንጂ ዝናቡ የጣለኝ።»

ትርንጎ ከሄደች ትምህርት ቤቱ ከእሷ ጋር እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዳሷን ዳስ፣ ልጆቹን ተማሪ ያደረገቻቸው እሷ ናት። ሐጅ ሰኢድ ከማህተሙ ጎን አንድ የታጠፈ ቅጽ ከኪሳቸው አወጡ። በከተማችን ያለ አንድ የርዳታ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች የጣሪያ ቆርቆሮ ሊሰጥ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በግንቦት የመጨረሻው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቅጹን ሞልተውታል፤ ባዶ የቀረው ተራ ቁጥር ሰባት ብቻ ነው፦ «የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻ»።

«ባዶ ትተነው ብናስገባስ?» አለ አንዱ።

«ጠይቄ ነበር። ያልተሞላ ቅጽ አንቀበልም አሉኝ» አሉ ሐጅ፤ ከዚያም አንገታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንቱ ዕድሜዎን ሙሉ ገጽ ሲጽፉ አይደለም ወይ የኖሩት? ኮምፒውተርስ አለዎት።»

ዝም አልሁ። በእኔ ሙያ ዝምታ ስምምነት ተብሎ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል፤ የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ደግሞ እኔው ነበርሁ። ስለዚህ «ድረ ገጹን እንዲያዘጋጁ በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጄ ጻፍሁት። የእጅ ጽሑፌም ያን ዕለት ከወትሮው አምሮ ነበር።

ኮምፒውተሩ የልጄ ነው። ከካርቱም ስትሸሽ በነጠላ ጠቅልላ ይዛው መጥታ፣ እሷ ወደ ጎንደር ስታልፍ «አባባ፣ እሱንስ ከዚህ በላይ አላሯሩጠውም» ብላ እኔ ዘንድ ተወችው። ወርድ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም አውቀዋለሁ፤ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ደብዳቤ የምጽፈው በእሱ ነበር። የምጽፈው በሁለት ጣት ነው፤ ሁለቱም ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። የማላውቀው ከደብዳቤ ወደ ድረ ገጽ የሚያሻግረውን መንገድ ነው። ስለዚህ ከገበያው ጀርባ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ወዳላት ወደ ኢክራም ሄድሁ። ኢክራም ገዳሪፍ ተወልዳ ገዳሪፍ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ቆይቶ መንገድ ላይ ወደ አረብኛ ይታጠፋል።

«ያ ዐሚ፣ ይህማ ሰህል ነው» አለችኝ፤ አጎቴ፣ ቀላል ነው ማለቷ ነው። «ወርድ ላይ ይጻፉት። ሴቭ ሲያደርጉት ዝርዝር ይመጣልዎታል። ዶክመንት የሚለውን ይተዉና ዌብ ፔጅ የሚለውን ይምረጡ። ኸላስ!»

«ኸላስ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ወላሂ። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ይዘውት ይመጡና…»

በዚህ መካከል አንድ ሰው የቤተሰቡን ወረቀት በሙሉ በከረጢት ይዞ ገባ፤ ማሽኑም የመጀመሪያውን ወረቀት ጎርሶ አልተፋም አለ። ኢክራም ወደ ማሽኑ ዞረች። እኔም በ«ኸላስ» ረክቼ ወጣሁ። ሰው የሚሳሳተው ነገሩን ባለመስማቱ እንዳይመስላችሁ፤ የሰማው ሲበቃው ነው።

ድረ ገጽ አይቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ በልጄ ስልክ ላይ ብዙ አይቻለሁ። ሁሉም ቁጥር የላቸውም፣ ቀን የላቸውም፣ ለማን እንደተጻፉም አይታወቅም። ዓለም የሚያነበው ጽሑፍ እንዲህ ኃላፊነት የጎደለው መሆኑ ያሳዝነኝ ነበርና የእኛን በሥርዓቱ ጀመርሁት። ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን። ቀጥሎ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጻፍሁና ቆም ብዬ አሰብሁ፤ ድረ ገጽ እኮ የማይመለከተውም ሰው ያየዋል። ስለዚህ «ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ» በሚል አስተካከልሁት። «ጉዳዩ፦ የጣሪያ ጥያቄን ይመለከታል።» ከሥር ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደተጀመረ፣ ትርንጎ ስንት ጊዜ ከ«ሀ» እንደ ጀመረች፣ የጭቃው ጥልቀት በልጅ ጉልበት ሲለካ እስከ የት እንደሚደርስ በአራት አንቀጽ አስፍሬ፣ በመጨረሻ «ግልባጭ፦ ለማህደር» አልሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሐጅ ሰኢድ ሊያዩት መጡ። ሐጅ ፊደል እየቆጠሩ የሚያነቡ ሰው ስለሆኑ ንባቡ አንድ ጠዋት ወሰደ። ሲጨርሱ «ማሻአላህ» አሉ፤ ቀጥለውም «ማህተሙስ?» አሉ።

«ማህተም በኮምፒውተር ላይ…»

«ማህተም የሌለውን ነገር ማን ያምነዋል?» አሉና ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሁለት ጊዜ «ሃህ፣ ሃህ» ብለው ተነፈሱበትና ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ጠጋ አሉ። «ስሜ ያለበት እዚህ ላይ አይደለም ወይ?»

«ሐጅ! ይቆዩ!»

እጃቸውን የያዝሁት ማህተሙ ከመስተዋቱ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ሳለ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ በነጭ ወረቀት ላይ እንዲመቱ፣ ትርንጎ በስልኳ እንድታነሣው፣ ምስሉም በገጹ ግርጌ እንዲገባ ተስማማን። ማህተሙ ትንሽ አዘንብሎ ወጣ። አልከፋኝም፤ ያዘነበለ ማህተም የሚያሳየው ችኮላን እንጂ ሐሰትን አይደለም።

ትርንጎ ግን ስልኳን ካወጣች አይቀር ሌላ ፎቶ አመጣችልን። አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ ወደ ላይ ያነሣችው ነው። ሣሩ እዚህም እዚያም ተቀድዶ ሰማዩ እንደ ሳሕን ይታያል፤ በአንዱ ማዕዘን የአንዲት ልጅ እጅ ከፀሐይ ለመከለል ደብተር ወደ ላይ ዘርግቷል። ፎቶውን ባየሁት ጊዜ የእኔ አራት አንቀጽ ሁሉ ትርፍ መሰለኝ፤ ሆኖም አልሰረዝኋቸውም። ፎቶውን በገጹ መካከል አስቀምጬ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጻፍሁ፦ «ከላይ የሚታየው የክፍላችን ጣሪያ ነው።»

ከዚያም ኢክራም እንዳለችው ዌብ ፔጅ የሚለውን መርጬ ሴቭ አደረግሁ። ገጹን ከፍቼ አየሁት። ጽሑፉ በቦታው፣ ፎቶው በቦታው፣ ማህተሙ ከነማዘንበሉ በቦታው ነው። ከአናቱ አድራሻው ተጽፏል፤ በ«ሲ» ፊደል ይጀምርና ሁለት ነጥብና ብዙ ዘንበል ያሉ ሰረዞች ይከተሉታል። በአድራሻው መካከል የልጄ ስም መገኘቱ ቢያስገርመኝም፣ ኮምፒውተሩ የእሷ ነውና እንደ ምስጋና ቆጠርሁት። ከቅጹ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ በትልልቅ ፊደል ገለበጥሁት።

እዚህ ላይ ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባጠረ ነበር። ነገር ግን ገጹ የተቀመጠበትን ቦታ ለማየት ብገባ ያገኘሁት አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ሆነ፤ ገጹ ራሱ፣ ከጎኑም በገጹ ስም የተጠራ ያላዘዝሁት ፎልደር። ብከፍተው ሁለቱ ፎቶዎች ስም አልባ ሆነው፣ ተራ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ተኝተዋል። ይህ ነገር ምን እንደሚያደርግ መዝገብ ቤት ያልሠራ ሰው አይረዳኝም። ርዕስ የሌለው ሰነድ አሳዳጊ የሌለው ልጅ ነው፤ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ አንደኛውን «የክፍል ጣሪያ ፎቶግራፍ፣ አባሪ አንድ»፣ ሁለተኛውን «የማህተም ምስል፣ አባሪ ሁለት» ብዬ ሰየምኋቸው፤ «አባሪዎች» የሚል አዲስ ፎልደር ከፍቼ አዛወርኋቸው፤ ባዶ የቀረውንም ፎልደር ድግግሞሽ ነው ብዬ አጠፋሁት። ገጹን ደግሜ አልከፈትሁም። ተፈርሞ ወጪ የሆነ ደብዳቤ ዳግመኛ አይነካም።

ባለቤቴን ጠርቼ «ተፈጸመ» አልኋት።

«ምኑ?»

«ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያየን ሆነናል።»

«እንግዲያው ያን ሸሚዝ ቀይረው» አለችኝ።

አድራሻውን በንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፌ በሐጅ ሰኢድ መጋዘን በር ላይ ለጠፍሁ። በሚሄዱ መኪናዎችም ወደ ባሱንዳና ወደ ኡም ራኩባ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ባሱንዳ የሚያርሱ አቶ ደምሴ የሚባሉ የጥንት ወዳጄ ናቸው።

«ኧረ ወንድሜ፣ ሲ ብዬ ጻፍሁ፣ ሁለት ነጥቡንም ጻፍሁ፤ ስልኩ ዝም አለኝ።»

«እስከ መጨረሻው ጽፈውታል?»

«እስከ ልጅዎ ስም ድረስ ጽፌአለሁ። ለመሆኑ ደኅና ናት?»

ደኅና መሆኗን አስረዳሁና ጥፋቱን በኔትወርክ ላይ ጣልሁ። በከተማችን ጥፋትን በኔትወርክ ላይ የጣለ ሰው ግማሹን ሁልጊዜ ትክክል ነው። «ገጹ እንዳለ እኔ ቤት አለ፤ ለገበያ ሲመጡ ይዩት» አልኋቸው።

ይህ ቃል በአፍ ወጥቶ በጆሮ ተሰራጨ። በማግሥቱ አቶ ደምሴ ከነከዘራቸው ደረሱ። ተከትሎ የሰፈሩ ሰው፣ ተከትሎ የልጆቹ ወላጆች፣ ተከትሎ መንደር 8 ከተባለው መጠለያ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች። ሰው በቤቴ ሲመላለስ ያለ መዝገብ ማስተናገድ አይሆንልኝምና «የድረ ገጹ ጎብኚዎች መዝገብ» የሚል ከፈትሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የመጡበት ቦታ፣ የገቡበት ሰዓት፣ ፊርማ። እኔ መዝገቡን ይዤ ከመስተዋቱ በስተኋላ እቀመጣለሁ፤ ጎብኚው ከፊት ሆኖ ገጹን ራሱ ከፍቶ ያነባል፤ ባለቤቴ የከርከዴ ሻይ ታቀርባለች። ሁሉም መካከል ላይ ሲደርሱ ዝም እንደሚሉና አንገታቸውን ዘንበል እንደሚያደርጉ አስተውዬ ነበር። የፎቶው ኃይል ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አቶ ደምሴ ብቻ «ጣሪያውስ?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን ነው እኮ የምንለምነው» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው» ብለው ፈረሙ።

እስከ ረቡዕ ድረስ ሃያ ሦስት ጎብኚ ተመዘገበ።

ሐሙስ ጠዋት ገጹን በፍላሽ ይዤ ላሳትመው ወደ ኢክራም ሄድሁ። ድረ ገጽ ያለው ሰው ወረቀት ለምን ያስፈልገዋል ትሉኝ ይሆናል። ግልባጭ ሳልይዝ ወደ ቢሮ የገባሁበት ቀን የለም፤ መልሴ ይኸው ነው። በፍላሹ የያዝሁት ገጹን ብቻ ነው፤ አባሪዎች በቦታቸው ይቀመጣሉ።

ኢክራም ከፈተችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ያ ዐሚ፣ ሱራው የታለ?»

ፎቶውን ማለቷ ነው፤ መነጽሬን አደረግሁ። ፎቶው በነበረበት ቦታ ነጭ ሣጥን ቆሟል፤ በማዕዘኑ መምህር በስሕተት ላይ እንደሚያደርገው ያለ ትንሽ የ«ኤክስ» ምልክት አለበት። በማህተሙም ቦታ እንዲሁ። በትልቁ ነጭ ሣጥን ሥር «ከላይ የሚታየው የክፍላችን ጣሪያ ነው» ይላል።

«አብሮ የተፈጠረ ፎልደር ነበረ እኮ» አለች ኢክራም።

«በሥርዓት አስቀምጬዋለሁ።»

«ሱራዎቹስ?»

«ስም አልነበራቸውም፤ ሰጠኋቸው። ቦታም ቀየርሁላቸው።»

«ያ ሰላም!» ብላ ግንባሯን ያዘች። «ገጹ እኮ ሱራውን ሆዱ ውስጥ አይዝም። የሚያውቀው ስሙንና ቦታውን ብቻ ነው። እርስዎ ስሙን ለውጠው ቤቱን ካስለቀቁት በምን ያገኘዋል?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ወረቀት ያለ መዝገብ ከቦታው አታንቀሳቅሱ» እያልሁ ስንቱን ጸሐፊ ያስለቀስሁ ሰው መቀመጫ ፈለግሁ።

«አድራሻውስ ቢሆን?» አለች ቅጹን እያየች፤ አሁን ድምፅዋ የሐዘንተኛ ድምፅ ሆኗል። «ይህ የኮምፒውተርዎ ውስጥ አድራሻ ነው። ገጹ ከሳሎንዎ አልወጣም። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ይምጡ ብዬዎት አልነበረም? ኢንተርኔት ላይ የምሰቅለው እኔ ነበርሁ።»

«አሁን ስቀይው!»

«ሸበካ ማፊ፣ ያ ዐሚ። ከእሑድ ጀምሮ በከተማው ኔትወርክ የለም።» ወዲያውም ጀነሬተሩ ሳል ጀመረ። «ነዳጁ አልቋል። ሳይጠፋ ያለውን ላትምልዎት?»

ሦስት ቅጂ እንደወጣ ጀነሬተሩ ዝም አለ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሐጅ ሰኢድና ትርንጎ አብረን ልንሄድ በሩ ላይ ደርሰዋል። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ዝም ማለት ይቻለኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። የሆነውን በሙሉ ነገርኋቸው።

ትርንጎ ወረቀቱን ተቀብላ ነጩን ሣጥን ብዙ አየችው። ትቆጣ ይሆናል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ኢክራም፣ ወደ ኡም ራኩባ የሚሄደው መኪና ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለች።

ቁጣው በተሻለኝ።

ሐጅ ሰኢድ ግን ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። «ይኸ አሁን ወረቀት ነው አይደል?» ብለው ፊታቸው በራ። «ሃህ፣ ሃህ» አሉና በሦስቱም ቅጂ ላይ፣ ማህተሙ በጠፋበት ሣጥን ልክ፣ እውነተኛውን ማህተም አሳረፉት። ባዶ የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። «እንሂድ። ሄደን ይከልክሉን እንጂ ቀርተን አንከልከል።»

የርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ኃላፊ ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባሉ ሱዳናዊ ናቸው። ገና ስንገባ ማህደሮቻቸው ጀርባቸውን በአንድ አቅጣጫ አዙረው በቁጥር ተሰልፈው አየሁ፤ እርሳሶቹም ተቀርጸው በቁመታቸው ተደርድረዋል። በባዕድ አገር ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ፤ ውርደቴም በዚያው ልክ ከፋ። ቅጹን ከላይ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አዩ፤ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ የማን ቤት ነው?» አሉ፤ ሐጅ ሰኢድ አስተረጎሙልን።

ብድግ አልሁ። ፎልደሩ እንዴት እንደተገኘ፣ ምስሎቹን ለምን እንደሰየምሁ፣ ገጹም ከሳሎኔ እንዳልወጣ ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ሐጅ ሰኢድ በሁለት ቃል ተረጎሙት።

«ምን አሏቸው?»

«ተሳስተናል አልኋቸው።»

ኡስታዝ ኢድሪስ የታተመውን ገጽ አነሡ። በነጩ ሣጥን ሥር ያለውን መስመር በእርሳስ ጫፍ እያመለከቱ ምን እንደሚል ጠየቁ።

«ከላይ የሚታየው የክፍላችን ጣሪያ ነው ይላል» አሉ ሐጅ፤ ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ወደቀ።

ኃላፊው ሣጥኑን አዩ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን አዩት። እስከዚያ ድረስ አንገቷን ደፍታ የነበረችው ትርንጎ ተነሣች።

«ሰሒሕ!» አለች በገበያ አረብኛዋ፤ ከዚያም በአማርኛ ቀጠለች፤ «ሐጅ፣ ይንገሩልኝ። ትክክል ነው። ጣሪያችን እሱ ነው። ሌላ የለንም።»

ሐጅ ነገሩላት። ቀጥሎ የኃላፊው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እየሳቁ መሆናቸው ዘግይቶ ገባኝ።

«በዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ ጀምሮ» አሉ፤ «የፈረሰ ጣሪያ ፎቶ ሳይ እውላለሁ። አንዱ ፎቶ በሦስት ማመልከቻ ላይ መጥቶልኛል። የሌለ ጣሪያ አምጥቶ ያሳየኝ ግን አልነበረም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ገጽ ከእናንተ ሌላ ያየው ሰው አለ?»

ከከረጢቴ መዝገቡን አወጣሁ። ኡስታዝ ኢድሪስ ተቀበሉኝ፤ በተራ ቁጥሩ ላይ ጣታቸውን አስኬዱ፤ የሰዓቱን ዓምድ አዩ፤ ፊርማ የማይችለው ሰው በአውራ ጣቱ የፈረመበት ላይ ቆም አሉ። መዝገብ የሚያውቅ ሰው መዝገብ ሲይዝ ከእጁ ይታወቃል።

«ሃያ አራተኛው እኔ ነኝ» ብለው ተነሡ።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ሸሚዜን መቀየሬን አረጋግጣ ከርከዴ አቀረበች። ኃላፊው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ነጩን ሣጥን በጥሞና ተመለከቱ። ከዚያም ተነሥተው እስከ ሐጅ ሰኢድ ግቢ በእግራቸው ሄዱ፤ ትርንጎ ፎቶውን ባነሣችበት አግዳሚ ላይ ጀላቢያቸውን ሰብስበው በጀርባቸው ተጋደሙ፤ ወደ ላይም አዩ። ልጆቹም አብረዋቸው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ይመሳሰላሉ» አሉ።

ተነሥተው መዝገቤ ላይ ፈረሙ። ትርንጎም የመኪናውን ነገር ደግማ አላነሣችም።

ቆርቆሮው ተመታ። ዝናብ ሲወርድበት የሚያሰማው ድምፅ ከትርንጎ ድምፅ ይበልጣልና እየጮኸች ታስተምራለች። በቀደም መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ ለጩኸቱም አንድ ድረ ገጽ ይጻፉልኝ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ድምፅዋ ሻክሯል፤ ልጆቹ ግን መደመርን አልፈው መቀነስ ላይ ናቸው። ኔትወርኩ ሲመለስ ኢክራም ምስሎቹን ወደ ቀድሞ ስማቸውና ቦታቸው መልሳ ገጹን ሰቅላዋለች። አሁን በእርግጥም በዓለም ላይ ነው ይላሉ። እስካሁን ግን ከዚያ በኩል መጥቶ የፈረመ ሰው የለም።

ከቢሮው የደረሰን የውሳኔ ደብዳቤ በማህደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተያይዟል። ትርጉሙን ያረጋገጥሁት ሐጅ ሰኢድን ሦስት ጊዜ አስነብቤ ነው። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ማግኘቱን ከገለጸ በኋላ በየተራ ቁጥሩ አስተያየት ሰጥቷል፤ ስለ ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «ድረ ገጽ፦ በአካል ተገኝተን አይተነዋል። ግንቦት 28 ቀን።»